ሬሳ የሌለው የቀብር ዜማ

ልጄ ሉሲየን፣ ስትወጣ ስትገባ አምላክ አይለይህ፤ ከኦስሎ ብርድም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ አላስቀምጥ ብሎኛል። ለመሆኑ ኮፍያ ታደርጋለህ?

እሁድ ከሰዓት አጎትህ አልሲድ እዚሁ ኒው ኦርሊንስ፣ በሰፈራችን አዳራሽ ኮንሰርት ነበረው። ታውቀው የለ፤ ፒያኖውን ትቶ ክላርኔት፣ ክላርኔቱን ትቶ ትራምፔት። ከቺካጎም አንድ ሳክስፎን ተጫዋች ጋብዞ ነበር። እንግዳው የኛን ደንብ ምን ያውቃል፣ ሬሳ ስንሸኝ ብቻ የምንነፋውን ዝግ ያለ ዜማ ጀመረልህ! ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ጎረቤታችን ኦዴት "ማን ሞተ?" ስትለኝ፣ ሦስት ሳምንት ዝም ማለትህ ትዝ አለኝና ወጥቼ ደወልኩልህ። አታነሳም።

አልሲድ "ወንድሜ፣ በቁማችን ቀበርከን እኮ!" ብሎ ትራምፔቱን አነሳና ከመቃብር ስንመለስ የምንጨፍርበትን ሞቅ ያለ ዜማ ለቀቀው። ሰዉ አውካካ፤ ሁሉም መሀረቡን እያውለበለበ ጨፈረ። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ በር ላይ ቀረሁ።

ዕድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ። ደውልልኝ፣ ልጄ። ሌላው ሁሉ ከመቃብር ተመልሷል፤ እኔ ድምፅህን እስክሰማ እዚያው ነኝ።

እናትህ