በተደጋጋሚነት ተዘግታ ልትጠፋ አሥራ ስምንት ቀን ስለቀራት የወይዘሮ ሉያንዶ ጥያቄ

ቀን፦ ኖቬምበር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለካሊንዳ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለክቡር አቶ ሳምፓ ቺሌክዋ
ካሊንዳ

ጉዳዩ፦ ሴፕቴምበር 3 ቀን በገበሬዎች የመወያያ መድረክ ላይ ቀርቦ «ተደጋጋሚ ነው» በሚል የተዘጋው ጥያቄ ዲሴምበር 2 ቀን ከመሰረዙ በፊት ወጥቶ ለፍርድ ቤት እንዲላክ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ካሱባ ንጎሳ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ገበሬዎች በስልካቸው እንዲመካከሩበት በከፈተው መድረክ ላይ፣ ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ እስካለፈው ሴፕቴምበር ድረስ ያለ ደመወዝ በአወያይነት አገልግያለሁ። ይህ አቤቱታ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው «በመድረኩ የአስተያየት ገጽ ያቅርቡ» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሁለተኛው «ተመሳሳይ አቤቱታ ቀርቦ ምላሽ ስለተሰጠበት በድጋሚ አይታይም» የሚል ማኅተም ተመትቶበት መጣ። በማኅተሙ አልተቀየምኩም፤ እንዲህ ብሎ መመለስን በዚህ ወረዳ ያስለመድኩት እኔው ነኝ። ይህን ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ነው የምጽፍልዎ።

1. መድረኩ እንደተከፈተ ሰው የልቡን ይጠይቅበት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን ወሬው በአንድ ቦታ መዞር ጀመረ። የበቆሎው ተምች፣ የማዳበሪያው መዘግየት፣ የፍየል ሆድ መንፋት፣ ካሳቫ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፤ እነዚሁ አራቱ ስም እየቀየሩ ይመላለሳሉ። ሰውም ተሰላቸ። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ፣ ይሄን እኮ ትናንት በልተን ጨርሰነዋል!» ይለዋል። በዚህ ምክንያት በ2015 ደንብ አርቅቄ አቀረብኩ። ተደጋጋሚ ጥያቄ ይዘጋል፣ ከአባላት ዓይን ተነስቶ ወደ ጓዳ ይገባል፣ በዘጠናኛው ቀን ይሰረዛል። ጓዳውን ከአወያዩና ከጽሕፈት ቤትዎ በቀር ማንም አያየውም። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ ፈረሙበት። አባላቱ «መጥረጊያው» የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ስሙን እወደው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንኑ ትምህርት ደጋግሜ ሳስተምር የኖርኩ ሰው በስተርጅናዬ አንድ ነገር «ይበቃል» የማለት ሥልጣን አገኘሁና ጣፈጠኝ።

2. ስለ ካሳቫው ከመድረኩ አናት ላይ የተሰቀለው መልስም የእኔ ነው። «ሁለት ሌሊት ይበቃዋል» ይላል። የጻፍኩት የእናቴን ቤት ኩሬ አይቼ ነው። የካሳቫ ጥሬ ሥር መርዝ አለው፤ በእኛ አገር የሚዘፈዘፈው በወንዝ ዳር ኩሬ ሲሆን ኩሬው ደግሞ አሮጌ ነው፤ ዓመት ሙሉ ሲዘፈዘፍበት ስለኖረ የራሱ እርሾ አለው። ሁለት ሌሊት ያደረ ካሳቫ በጥፍር ሲጫኑት ይሰምጣል፣ መርዙም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ካልሰመጠ ሴቶቹ መልሰው ይሸፍኑታል። አዲስ ሙሽራ ብትመጣ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራትም፤ ከኩሬው ዳር ሆና እያየች፣ እየጠየቀች፣ እየተሳቀባት ትለምደዋለች። ባለፈው ዓመት ግን ዝናቡ ቀረ። ኩሬዎቹ ደረቁ፣ የኩሬው ዳር ጨዋታም አብሮ ደረቀ። ሁሉም በየቤቱ በበርሜል ይዘፈዝፍ ጀመር። ድርቅ ያገኘው ካሳቫ ደግሞ ከወትሮው እጅግ የመረረ፣ መርዙም የበዛ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የሰቀልኩትን መልስ አላወረድኩም። በየወሩ የማነበውን ነገር ማየት ትቼ ነበር።

3. ወይዘሮ ሉያንዶ ሀሞንጋ ከደቡብ፣ ከበቆሎ አገር የመጣች ናት። እዚህ ያገባችው አቶ ካላባ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ሲሆን ሟች ሚስቱ የተወችለት ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ሙሶንዳ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ንካንዱ ሰባት ዓመቷ ነበር። ባልየው ሐይቅ ላይ በሰነበተበት በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ የቀረው እህል ያው በበርሜል የተዘፈዘፈው ካሳቫ ብቻ ነበር።

4. ሴፕቴምበር 3 ቀን ጠዋት በመድረኩ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ካሳቫ ስንት ቀን ነው የሚዘፈዘፈው? እባካችሁ አትሳቁብኝ፣ እኔ የበቆሎ አገር ልጅ ነኝ። ኩሬው ደርቆብኝ በበርሜል ነው የዘፈዘፍኩት፣ ያ ዓምና የታደለን ባለ ነጭ ግንዱ ዝርያ ነው። ሁለት ሌሊት አደረ፣ በጥፍሬ ስጫነው ግን አሁንም ድንጋይ ነው። ልጆቼ ከትናንት ወዲህ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ልላጠውና ልውቀጠው ወይስ ልጠብቅ? የምታውቁ እናቶች ቶሎ በሉኝ።»

ይህን ጽሑፍ በዚያ ጠዋት አላነበብኩትም። ያነበብኩት የመጀመሪያዋን ጥያቄ ነው። ሳሩን አየሁ፣ ገደሉን አላየሁም። ከሥሩ ወዲያው ሳቅ ወረደ፦ «ኧረ ካሳቫ እንደገና መጣ!»፣ «እህትዓለም፣ ይቺን ጥያቄ አያቴ ጠይቃ፣ ራሷው መልሳታለች»፣ «መጥረጊያው የት ሄደ? መምህር፣ ና ጥረግልን!» እኔም ሻዬን እየጠጣሁ ሳቅኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ «ተደጋጋሚ ጥያቄ ነው። ከላይ የተሰቀለውን መልስ ያንብቡ። ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት። እሷም የታዘዘችውን አደረገች፤ የተሰቀለውን አነበበች። ሁለት ሌሊት ይበቃዋል ይላል።

5. የዚያን ቀን ወቅጣ ገንፎውን ሠራች። ለሦስት ሰው የሚበቃ ስላልነበረ እሷ አልበላችም፤ ልጆቹ ይጥገቡ ብላ እያየቻቸው ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ማስመለስ ጀመሩ። ሙሶንዳ ክሊኒክ ደርሳ ተረፈች። ንካንዱ መንገድ ላይ፣ በእንጀራ እናቷ ጀርባ ላይ እንደታዘለች አረፈች።

6. የባልየው እህት ወይዘሮ ምዋባ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል አጭር ነው፦ «እሷ ለምን አልበላችም? ድስቱንስ ለምን ቶሎ አጠበችው? የእንጀራ እናት መሆኗን አሳየችን።» መርማሪው ይህን በሕግ ቋንቋ አሳምሮ ጻፈው። ወይዘሮ ሉያንዶ ካሳቫው መጥፎ መሆኑን እያወቀች ሆን ብላ አብልታለች ተብላ ታስራ ትገኛለች። ክሱ ዲሴምበር 10 ቀን ይሰማል። እሷ «አላውቅም ነበር፣ ጠይቄያለሁ» ብትልም ፖሊሱ መድረኩን ከፍቶ ቢያስስ ምንም አላገኘም። በመዝገቡ ላይም «ተከሳሽ ጠየቅሁ ያለችው ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ አሰፈረ። ጥያቄው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

7. «ታዲያ አንተ ለምን አታወጣውም?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ወሬውን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን፣ ከልጅቷ ቀብር ላይ ነው። ቤቴ ገብቼ ጓዳውን ከፈትኩና ጽሑፏን ከራስ እስከ ግርጌ አነበብኩት። አለቀስኩ። ከዚያም በዚያችው ሰዓት፣ ኀፍረቱ አላስቀምጥ ቢለኝ፣ የአወያይነት ፈቃዴን ለጽሕፈት ቤትዎ መለስኩ። አንዲት ቅጂ ሳላስቀር! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀሚያውን ጭምር ነው የጣልኩት። ከላይ የጠቀስኩት ቃሏ በዚያች አንድ ንባብ በአእምሮዬ የቀረው ነው፤ እስከ ዛሬ እንደ ጸሎት ስለምደግመው ብዙ የተዛባ አይመስለኝም። የእኔ አእምሮ ግን ለፍርድ ቤት ሰነድ አይሆንም።

8. ሌላ ምስክር አልፈለግህም እንዳይሉኝ፣ ፈልጌያለሁ። በዚያ ጠዋት የሳቁትን አንድ በአንድ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ዋሽተው አይመስለኝም፤ አንዱም አላስታወሰም። አንደኛው «መምህር፣ የካሳቫ ጥያቄ እኮ በሳምንት ሦስቴ ይመጣል፣ የትኛውን ነው የምትለኝ?» አለኝ። ሁሉንም አንድ ነው ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ።

ያስታወሰች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ በሰፈሩ የሎምቤ እናት የምትባለው፣ ዕድሜዋን በኩሬ ዳር ያሳለፈች ናት። በሯን አንኳኩቼ ስሜን እንደነገርኳት እንዲህ አለችኝ፦ «መጣህ? እኔ እኮ በዚያች ጠዋት ‘ቆይ ልጄ፣ በበርሜል ከሆነ አትንኪው’ ብዬ እየጻፍኩላት ነበር። ዓይኔ ደካማ ነው፣ ፊደል የምለቅመው አንድ በአንድ ነው። ልልከው ስል በሩን ዘጋህብኝ። በአባትህ፣ ምን አስቸኮለህ?» ከእኔ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መጣች። መርማሪው «እማማ፣ ያልተላከ መልእክት ማስረጃ አይሆንም» ብሎ ሸኛት። የእኔንም ቃል «ጸጸት ያናገረው» ብሎ አለፈው። ጸጸት መሆኑስ ልክ ነው።

9. ባለፈው እሑድ ወይዘሮ ሉያንዶን እስር ቤት ሄጄ አየኋት። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ ብትሰድበኝ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ግን «መምህር፣ ታዲያ ስንት ቀን ኖሯል መዘፍዘፍ የነበረበት?» አለችኝ።

በበርሜል ከሆነ፣ በዚያ ድርቅ፣ አምስት ቀን፣ ምናልባትም ስድስት ብዬ መለስኩላት። ከጠየቀች ሁለት ወር አልፏት ነው መልሷን ያገኘችው። ጣቶቿን አጠፈች፣ ቆጠረች። «አምስት ቢሆን ችግር አልነበረውም» አለች። «ከምዋባ ቤት ለምኜ፣ ተሰድቤም ቢሆን፣ ሌላ ሦስት ቀን አቆያቸው ነበር። ጠብቂ ያለኝ ብቻ ቢኖር እጠብቅ ነበር።» ጠባቂዋም ሰዓቱ አለቀ አለችን።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ሴፕቴምበር 3 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የተዘጋው ጥያቄ፣ ከሥሩ ካለው ሳቅና ከእኔ የመዝጊያ ቃል ጋር፣ ምንም ሳይቀነስ ከጓዳው ወጥቶ በማኅተም ተረጋግጦ ለፍርድ ቤቱ ይላክልኝ። የእኔ ስም እንዲሸፈን አልጠይቅም፤ ጭራሽ እንዳይሸፈን ነው የምጠይቀው።

ለ. «ሁለት ሌሊት ይበቃዋል» የሚለው መልሴ ዛሬውኑ ይውረድልኝ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ እዚያው ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ዝናቡ ገና አልመጣም፣ ሰዉም ገና በበርሜል እየዘፈዘፈ ነው፣ አዲሱ አወያይም የሚጠይቁትን ሁሉ ወደዚያ መልስ ይመራል። ትናንት ብቻ ሁለት ሴቶችን መርቷል። ሁለቱም በበርሜል ይዘፈዝፉ እንደሆነ አላውቅም፤ ጥያቄያቸው አንብቤ ሳልጨርሰው ተዘግቷልና።

ሐ. ዘጠናኛው ቀን ዲሴምበር 2 ሲሆን ስረዛውን የሚያካሂደው ማሽን እንጂ ሰው አይደለም። ማሽኑ አቤቱታ አያነብም። ይህ ደብዳቤ እንደ ሁለተኛው በማኅተም ቢመለስብኝ አራተኛውን ጽፌ እስካመጣ ጥያቄው አይኖርም። ያኔ ይህች ሴት መጠየቋን የሚያውቁት እሷ፣ እኔና አንዲት ዓይነ ደካማ እናት ብቻ እንሆናለን፤ ሦስታችንንም ያመነን የለም።

ክቡር ሆይ፣ ልጅቷን የሚመልስ ውሳኔ እንደሌለዎ አውቃለሁ፣ እሱን አልጠይቅም። የምጠይቀው አንዲት ገጽ ናት። ሌላው ቢቀር ይህች እናት ልጆቿን ከማብላቷ በፊት መጠየቋን ዳኛው በዓይኑ ይይ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር በደጅዎ እጠብቃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በየጠዋቱ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ነኝ።

(ፊርማ)
ካሱባ ንጎሳ
ጥያቄዋን የዘጋሁት

ግልባጭ፦
ለከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት
ለወይዘሮ ሉያንዶ ሀሞንጋ፣ የሴቶች ማረሚያ ቤት