ባዶ ወንበር

ለወንድሜ ለጁነይድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ባለህበት አገር አላህ ይጠብቅህ። እኛ ከመርሳ ወጥተን ደሴ አጎታችን ቤት ነን። ልጆቼ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

ለወልድያው ሥራዬ መመላለሻ መኪና ስመርጥ «ደብል ጋቢና ግዢ» ብለኸኝ ነበር። ነዳጅ አትበላም ብዬ ቪትዟን ወሰድኩ። «ባዶ ወንበር ለማን ብዬ ልጎትት?» ያልኩህ እኔው ነኝ። እማ ዱዓ አድርጋላት ስትገባ ጉልበቷ ከፊቱ ተጋጭቶ «ለአሻንጉሊት ነው የገዛሽው?» ብላ አሳቀችን።

ተኩሱ ቀርቦ ከመርሳ የወጣን ቀን አራቱ ልጆቼ ከኋላ ተጣበቁ። እማ ጋቢና ልትገባ ስትል ጎረቤታችን ቡርቱካን የአምስት ቀን ሕፃን ታቅፋ ደጅ ቆማ አየቻት። «አራስ እያለች እኔ አልቀመጥም፤ በሚቀጥለው መኪና ውርጌሳ እደርስባችኋለሁ» ብላ በሩን ራሷ ዘጋችው። ውርጌሳ እስኪመሽ ቆመን ጠበቅን።

መኪናዋ እውነትም ቆጣቢ ናት፤ እዚህ ድረስ መጥታም ነዳጇ ከግማሽ አልወረደም። በየጠዋቱ መናኸሪያ ይዣት እሄዳለሁ። የጋቢናውን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስቤዋለሁ፤ አሁን ለጉልበት ይመቻል።

ልጆቼም ቡርቱካንም ሰላም ብለውሃል። የእማን ሰላምታ ራሷ ታስጽፈኛለች፣ ኢንሻአላህ፤ ለሷ ከታች ቦታ ትቻለሁ።

እህትህ ነሲባ