ለልጄ አጎት ለሰጡልኝ ርዕሰ መምህር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አምላኩ ምትኩ
የላይ በር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? የከተማችን ብርድ እንዳይነካዎት፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጥረው ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ማለቴ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ከሰኞ ወዲህ እህል በወጉ ባፌ አልዞረም።

ማስተዋል ብርሃኑ እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አገልግያለሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎ የባምላኩ እናትም ነኝ።

ሰኞ ዕለት ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ ፖስታ ደረሱኝ። አንደኛው ቅዳሜ በሚሰጠው «ወላጆች ልጆቻቸውን ከሱስ በመከላከል ረገድ ያላቸው ሚና» በተሰኘ የግማሽ ቀን ሥልጠና ላይ እንድገኝ በአክብሮት ይጋብዘኛል። ሁለተኛው ደግሞ ልጄ ጫት ቅሞ ክፍል ሲገባ በተደጋጋሚ ስለተገኘ፣ «ወላጁም አራት ጊዜ ተጠርተው ቃል ቢገቡም ለውጥ ባለመታየቱ» ከትምህርት ገበታው መሰናበቱንና ለአገር አቀፍ ፈተና እንደማይመዘገብ ያስታውቀኛል። ልጄን አባርራችሁ እኔን ለማስተማር ስላላችሁ ትጋት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ይሁን እንጂ እኔ አንድም ቀን ተጠርቼ አላውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ስመጣ እርስዎ እንደ ልማድዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ዝናሽ፣ እግዜር ይስጣት፣ ፋይሉን አወጣችልኝ። በአራቱም የቃል መግቢያ ቅጾች ላይ በወላጅ ቦታ የፈረመው አቶ ሞገስ የሚባል ሰው ሲሆን፣ «ዝምድና» በሚለው ሥር «አጎት» ተብሎ ተጽፏል። ሞገስ ማለት ከትምህርት ቤትዎ የኋላ አጥር ሥር ያለው መቃሚያ ቤት ባለቤት ነው። እኔ ወንድም የለኝም፤ የልጄ አባትም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእናቱ አንድ ነበር። በዚህ የተነሳ ቅሬታዬን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. «ወላጅ አምጣ» የምትሉት ሥርዓት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የተከበረ ሥርዓት ነው። ከጋሳይና ከሐሙሲት መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አባታቸውን ከእርሻ ማስነሳት ስለሚከብዳቸው ያገኙትን ትልቅ ሰው አጎቴ ነው ብለው እንደሚያመጡ፣ እናንተም አይታችሁ እንዳላየ እንደምታልፉ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የእኔው ግን የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ እናት እያለችው ይህንኑ ዘዴ ተማረ። ሞገስ ከልጄ ሌላ የስምንት ተማሪዎች አጎት ሆኖ በፋይል መያዙን ስሰማ፣ ይህን ያህል ዘመድ በአንድ ትምህርት ቤት ያለው ሰው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ መምህር መጥፋቱ፣ በሰው ላይ ያላችሁን እምነት ያሳያልና ያስቀናል። ለአጎትነቱ የሚከፈለው ነገር የለም አሉ፤ ልጆቹ እሱ ቤት መቃማቸው በቅቶታል።

፪ኛ. ልጄን ሳስመዘግብ ስልክ ቁጥሬን በሁለት ቦታ አስጽፋችሁኛል። ስልኬ ይሠራል።

፫ኛ. ከግብዣው ጋር የተያያዘችው በራሪ ወረቀት «ልጅዎ ሲከሳ፣ ምግብ ሲጠላ፣ ጠባዩ ሲለወጥ በጊዜ ያስተውሉ» ትላለች። ይህን በእናንተ ላይ አላላክክም። ስሜ ማስተዋል ሆኖ ሳላስተውል ከርሜአለሁ። ምግብ ሲተውብኝ ጥናቱ አድክሞት ነው ብዬ በሶ ስበጠብጥለት ነበር፤ ወይ እኔ!

፬ኛ. በመጨረሻው ቅጽ ላይ «የችግሩ መንስኤ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሞገስ በገዛ እጁ «እናቱ አታናግረውም፤ ስታወራው ስለ ውጤት ብቻ ነው» ብሎ ጽፏል። ክቡር ሆይ፣ በእነዚያ አራት ቅጾች ላይ ከሰፈረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው። አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ነው፤ ጫት የሚሸጥለት ሰው ልጄን ቁጭ ብሎ አዳምጦታል፣ እኔ አላዳመጥኩትም። የዲሲፕሊን ኮሚቴያችሁም ይህን አንብቦ፣ ማኅተም መትቶ፣ ፋይል ውስጥ ከተተው። አንድ ሰው ያን ጊዜ ደውሎ ልጅሽን አናግሪው ቢለኝ ኖሮ፣ ምን አገባህ ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። ማታውኑ ግን አናግረው ነበር።

አሁን ጀምረናል። ከማክሰኞ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው፤ ይተኛል፣ ይነጫነጫል፣ ከዚያ ደግሞ ይቅርታ ይለኛል። ትናንት ፈቃድ ወስጄ ጋፋት ድረስ በእግራችን ሄደን ተመለስን፤ ስለ ውጤት አንድ ቃል ሳልተነፍስ እሱ ሲያወራ ዋልኩ። በመጨረሻ የጠየቀኝ ለፈተናው ይቀመጥ እንደሆን ብቻ ነው። ቤት እንደገባን ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ምዝገባው የሚዘጋው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ቃል የገባው ሰው ወላጅ ስላልሆነ የፈረሰም የወላጅ ቃል የለም፤ ስለዚህ ስንብቱ ተሰርዞ ልጄ እንዲመዘገብና ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቱ ፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ አሽሙሬን ሁሉ ትቼ እለምንዎታለሁ። እባክዎ።

ስብሰባ በማያልቅበት ጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎት እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣

የማይለወጥ አክባሪዎ
ማስተዋል ብርሃኑ
የባምላኩ እናት

ግልባጭ፦
ለአቶ ሞገስ፣ የዘጠኝ ተማሪዎች አጎት
ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ለሥልጠናው ስመጣ የበሩ ጥበቃ መታወቂያዬን ቢጠይቀኝ ቅር አይለኝም። ልጄ በትምህርት ቤታችሁ በቆየባቸው አራት ዓመታት እናቱ ማን እንደሆነች ለማወቅ የፈለገ የመጀመሪያው ሠራተኛችሁ እሱ ይሆናል።