የተመለጠ አንጀት

ለእማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዓይንሽስ? ይህን የምታነብልሽ ጎረቤትሽ ከሆነች እዚህ ላይ ታቁምልሽ፤ የቀረውን በመነጽርሽ ቀስ እያልሽ ራስሽ ጨርሺው። እኔ ደህና ነኝ፤ ያው ቄራ አንጀትና ጨጓራ ሳጥብ እውላለሁ። ባሌ ጥሎኝ ቢሄድ እንኳ ሽታው አይጥለኝም።

ልጄ ግን አለቀችብኝ። ስድስት ወር ሙሉ የቀመሰችው ሁሉ ውሃ ሆኖ ይወጣል። አባቷ፣ ለመቅጠን ብላ ነው እያለ በቀበቶ ገረፋት። እኔስ ብትዪ? ደረቷ ላይ ተቀምጬ፣ መንጋጋዋን ፈልቅቄ ሩዝ ጠቀጠቅኩባት። ጥርሷ ጣቴን ቢበሳው ደሙን ከነሩዙ አስዋጥኳት። “ዋጪ፣ አንቺ እልከኛ!” ብዬ በጥፊ ሳጮላት ወለሉ ላይ እንደ ባዶ ባልዲ ጮኸች።

ሐኪሙ በካሜራ አንጀቷን አይቶ ፎቶውን አሳየኝ። “ይሄማ የፈላ ውሃ ውስጥ የተረሳ ጨጓራ ነው፤ ፀጉሩ ተመልጧል” አልኩት። “ከተማሪዎቼ እርስዎ ይሻላሉ” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን ፊቱ ጠቆረ። ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ ነው አለኝ፤ በሽታ እንዲከላከል የተሰጣት ጉልበት ዞሮ የራሷን አንጀት ይደበድባል፤ የቤቱ ዘበኛ የቤቱን ልጅ እንደሚመታ ማለት ነው አለ። ለምን አንገቴን እንደደፋሁ አልገባውም።

ቀጥሎ፣ ከዘመድ በልጅነቱ እንዲህ ሆኖ የሞተ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። “የለም፤ ወንድሜም ከአልጋ ወድቆ ነው የሞተው” አልኩት። አፌ ለምዶታላ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት! እማዬ፣ እሱ እኮ አልጋ እንዳያበላሽ መሬት ላይ ነበር የሚተኛው።

መድኃኒቱ የሚመረጠው በዘር የመጣ መሆን አለመሆኑ ሲታወቅ ነው አሉኝ ሐኪሞቹ። ስተን ሌላ ከሰጠናት እስክንነቃ አትቆይልንም ብለውኛል። ስለዚህ ሐሙስ ሆስፒታል ነይ። ወንድሜን በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ በቀን ስንቴ እንደሚያስቀምጠው፣ ቆዳው ምን ይመስል እንደነበር ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ያን ቀን የያዝሽውን የመጥረጊያ እንጨት ነገር ካልፈለግሽ አታንሺው፤ እኔም አላነሳውም። የሆዱን ነገር ብቻ ንገሪያቸው።

ዛሬ ሳጥባት፣ “እማ፣ ዛሬ አትመቺኝም አይደል?” አለችኝ። ወንድሜም ያን ቀን ያለሽ ይህንኑ ነበር።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገዱን ያሳጥርልሽ፣ እኔንም አንቺንም ይቅር ይበለን።

እግሮቹን ይዤልሽ የነበርኩት ልጅሽ