ሐመሩ ሐ

የተወደድሽ የወንድሜ ልጅ እምነት፤ ከመሳለሚያ እስከ ፖላንድ እርሻሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ራይ ከተባለው እህል ዝርያዎች ዛላ የሚያነጣውን ሻጋታ የሚቋቋሙትን መለየትሽ አኵርቶኛል። በደብዳቤሽ ግን «ሕመም»ን በሀሌታው ሀ ጽፈሻል ብዬ በቀይ አረምሁት። የጎረቤታችን ልጅ ሩዋይዳ አይታው፣ «ጋሼ፣ በሐመሩ ሐ እኮ ነው የጻፈችው፤ ዛሬስ መምህሩ ወደቁ» አለችኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የቤቱ አምፖል ደክሟል። በፎቶግራፎቹም የታመመውን ዛላ ከጤነኛው አልለየሁም፤ ሁሉም ነጭ ሆነብኝ፤ የወረቀቱ ጥራት ይሆናል። ከእንግዲህ አጕልተሽ ጻፊልኝ።

ዝርያ የሚመዘነው እሸቱ አረንጓዴ ሳለ ነው፣ ሁሉም ከነጣ በኋላ አይለይም ብለሻል። እንግዲያስ ለመስቀል እመጣለሁ ያልሽውን ለፋሲካ አታሳድሪው።

ሰብልሽን ከሻጋታ፣ አንቺን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

አጎትሽ አስናቀው