የከንፈር ወሬ

ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ በጤናሽና በደስታሽ ቀን ይድረስሽ። እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ከአባትሽ ጋር ፊት ለፊት ቆማችሁ ትሸምኑበት የነበረው ፋብሪካ ሆቴል ሆነልሽ። ማሽኖቹ ተነቅለው ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ኮቴ እንኳ አይሰማም። አባትሽን በር ከፋች አድርገው ቀጥረውታል። ከረባት ሲያስር፣ «በስተርጅና ልትሞሸርብኝ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም።

ዕድሜውን ሙሉ ማሽን አጠገብ የኖረ ሰው መቼም ሲያወራ ይጮኻል። አለቃው፣ ያንቺ ታናሽ የምትሆን ልጅ፣ «አባባ፣ እንግዶች ይረበሻሉ፣ ቀስ ይበሉ» አለችው። ይኸው ከዚያ ወዲህ እቤትም ድምፁ ጠፋ። በማሽኑ ጩኸት መሃል ታወሩ እንደነበረው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እኔ ፋብሪካ አልዋልኩ፣ የከንፈር ወሬ ከየት ልወቅ? «ምን አልክ?» ስለው ያው በከንፈሩ ይደግምልኛል። ለጎረቤት ደክሞት ነው እላለሁ።

ሥራሽ እንደማያፈናፍንሽ አውቃለሁ። ብቻ አንድ ቀን ብቅ በይና እንደ ድሮው ፊት ለፊቱ ሁኚለት። ትናንት ራት ላይ ወደ ባዶው ወንበርሽ ዞሮ ብዙ አወራ። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሳቀም።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። አባትሽም ሰላም ያለሽ መሰለኝ።

እናትሽ