የመቀስቀስ ፈቃድ፦ የአቶ ፋንጂያንግ ዌንቦ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፋንጂያንግ ዌንቦ ከአባታቸው ከአቶ ፋንጂያንግ አሹዪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዣን ቹንሜይ እ.ኤ.አ. በ1951 በታይዋን፣ በሺንፑ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በመኸር ነፋስ ፍሬ እያደረቁ ይሸጡ ነበር። የወፍ ጥበቃው ሥራ የዌንቦ ነበር፤ እሳቸው ግን ወፍ ለማባረር ከተሰቀለው ቆርቆሮ የተሳበውን ገመድ በእግራቸው ጣት አስረው ይተኙ ነበር። ወፍ ሲያርፍ ይነቃሉ፣ ነፋስ ሲነካው አይነቁም ይባላል። ይህን ያየ ሰው የለም፤ የነገሩን እሳቸው ናቸው።

በ1973 በኤሌክትሮኒክስ ተመርቀው፣ የውትድርና ግዴታቸውን ፈጽመው፣ በሺንጁ ከተማ በአንድ የኮምፒውተር ፋብሪካ ተቀጠሩ። ለሠላሳ ዓመት የሠሩት ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ኮምፒውተር ሲተኛ ኪቦርዱንና ማውሱን አብሮ ማስተኛት፣ የሰው እጅ ሲነካቸው ብቻ እንዲቀሰቅሱት ማድረግ። ማን እንደቀሰቀሰው ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል። «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚል ሪፖርት ያመጣ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ ይመለስ ነበር።

«ዝም ብሎ የሚነቃ የለም፤ የነካው አለ። ሂድና ፈልገው» ይሉ ነበር።

እንደ ሙያ ባልደረቦቻቸው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩ ጨዋ እንዲሆን በላዩ ስሙ «ጨዋ ሁን» ማለት የሆነ የበቆሎ ብስኩት ያስቀምጡ ነበር። ከረጢቱ አረንጓዴ ካልሆነ፣ ወይም ቀኑ ካለፈ፣ ኮምፒውተሩ ይባልጋል። ቀኖቹን ዘወትር ሰኞ እሳቸው ራሳቸው ያዩ ነበር።

በ1980 የሙዚቃ አስተማሪዋን ወይዘሮ ሊዩ ዩዌጁን አግብተው ሹፈንን ወለዱ። ወይዘሮ ዩዌጁ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፓቸው ላይ ኖታ ይጽፉ ነበር። በ2018 ዐረፉ። ባረፉ በሁለተኛው ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ላፕቶፑ ብቻውን ነቃ። መዝገቡ «ማውስ» ይላል።

አቶ ዌንቦ ማውሱን የነካው የፀሐይ ብርሃን እንዳይሆን መጋረጃ ዘጉ። ጠረጴዛ ቀየሩ። ማውሱን ገለበጡት፤ በመጨረሻም ገመዱ እንደተሰካ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ነቃ፤ ማውስ። ያን ቀን ደብተራቸው ላይ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብለው ጻፉ። ከዚያም ላፕቶፑ ላይ የነበረውን አረንጓዴ ከረጢት አንሥተው ከልጅ ልጃቸው ከዪንቼን ጋር በሉት።

«አያቴ፣ አሁን ቢባልግስ?»

«ይባልግ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ከቤት አልወጡም። የልብ ሐኪማቸው የሰጧቸው ቀጠሮ ሦስቴ በዚሁ ሰዓት ዋለ፤ ሦስቴም ቀሩ።

ልጃቸው ሹፈን «አባባ፣ ለማውሱ የተሰጠውን የመቀስቀስ ፈቃድ ያንሱት። ላፕቶፑ ማስተካከያ ላይ አንድ ምልክት ማጥፋት ነው፤ ከዚያ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» ብትላቸው፣

«እናትሽ መጥታ በር ሲዘጋባት ትወጃለሽ?» አሏት። ዪንቼንንም ከእሳቸው በኋላ ፈቃዱን ማንም እንዳይነካው ቃል አስገቧት።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2023 ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐረፉ። ያን ቀን ላፕቶፑ አልነቃም። እስከ ስድስተኛውም ቀን ተኛ።

በሰባተኛው ቀን፣ ነፍስ ቤቷን ልታይ በምትመጣበት፣ ሹፈን ፈራች። እንዳይነቃ ብላ ከሱቅ አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ገዝታ ላፕቶፑ ላይ አስቀመጠች። ዪንቼን ቃል የገባችው ስለ ፈቃዱ እንጂ ስለ ብስኩት ስላልነበር አልከለከለቻትም። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ሲሆን ነቃ። መዝገቡ ማውስ ይላል። ከአራት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ኪቦርድ።

ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም። ዪንቼን ከረጢቱን አንሥታ ገለበጠችው።

«እማ፣ ቀኑ ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። አላየሽውም?»

ሹፈን ምልክቱን ልታጠፋ እጇን ዘርግታ ነበር። መለሰችው።

«ተዪው እንግዲህ» አለች። «ሁለቱም ይግቡ።»

አቶ ዌንቦ የአንዲት ልጅ አባትና የአንዲት ልጅ አያት ነበሩ። እንቅልፋቸው የጠለቀ ይሁን፤ ከሚያውቁት እጅ በቀር ማንም አይቀስቅሳቸው።